ከትራውት ጀምሪ፤ ሳልመኑ ይደርሳል

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ ነው። አሁን የምኖረው ዋሽንግተን ስቴት፣ ኬንት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳልመን ማጥመድ እንሂድ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ዕቃም ፈቃድም የለኝም። አሳ መበለት ግን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ከየት ልጀምር? ትራውት ይሻላል ሳልመን? አማቴ ደግሞ ትራውት ቅርፊት ስለሌለው አይበላም ይላሉ። እውነት ነው? በመጨረሻም፣ እኔ ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ አሳ ገበያው ላይ፣ ጥሬ አሳ በዳጣ እየበላሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሳልመኑንም እንደዚያው መብላት እችላለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ከትራውት ጀምሪ። ትራውት ቅርፊት አለው። ራስሽ ያጠመድሽውን ሳልመን ጥሬውን እንዳትበዪ። ዝርዝሩ ረዘም ይላል፤ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

እኔ የምሠራው አሳ ማቀነባበሪያ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳጥን ከፍቼ አሸታለሁ፣ ሆድ ገልጬ አያለሁ። ስለዚህ ምክሬ ወደዚያ ያጋድላል። ጀማሪ ሁሉ ስለ ዘንግና ስለ መንጠቆ ይጠይቀኛል፤ ስለ በረዶ የሚጠይቀኝ የለም። «ሳልመን ይሸተኛል፣ አይሆነኝም» የሚሉ ብዙ የእኛ ሰዎች አውቃለሁ። አብዛኞቹ የቀመሱት ከውሃ ከወጣ በኋላ በአያያዝ የተበላሸ አሳ ነው። ውድ ዘንግ ከመግዛትሽ በፊት ደህና ኩለር፣ የበረዶ ሳጥን ማለቴ ነው፣ ግዢ። ለጀማሪ መካከለኛ ዘንግ ይበቃዋል፤ መካከለኛ በረዶ የሚባል ነገር ግን የለም።

ፈቃዱን ቶሎ እንጨርሰው። ዕድሜው 15 የሞላ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የስቴቱ የአሳና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ይሸጣል፣ የስፖርት ዕቃ መደብሮችም ይሸጣሉ። ስቴቱ ውስጥ 90 ቀን የኖረ ሰው በነዋሪ ዋጋ ይገዛል፤ የነዋሪና የእንግዳ ዋጋ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የፈቃድ ዓመቱ ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ነው። ፌብሩዋሪ ላይ የገዛሽው ሁለት ወር ሳይሞላው ያልቅብሻል፤ ኤፕሪልን ጠብቂ። ነገሩን መሞከር ብቻ ከፈለግሽ ጁን ውስጥ ከመጀመሪያው ሰኞ ቀጥሎ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ያለ ፈቃድ ማጥመድ የሚቻልበት ነው።

ደንቡ ከሐይቅ ሐይቅ፣ ከወንዝ ወንዝ ይለያያል። የሳልመኑ ደንብ ደግሞ በየዓመቱ ይወጣል፣ በመሃልም ይቀየራል። ፊሽ ዋሽንግተን የሚባለውን አፕ ስልክሽ ላይ ጫኚ፤ ከቤት ከመውጣትሽ በፊት የምትሄጂበትን ውሃ ስም አስገብተሽ እዪ። ተቆጣጣሪው ፊት «ባልደረባዬ ይቻላል ብሎኝ ነው» ማለት አያዋጣም። አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለእኛ ሰው ልበል፦ በዚህ ፈቃድ ያጠመድሽውን አሳ መሸጥ ወንጀል ነው። ምግብ ቤት ላለው ዘመድሽም ቢሆን። ለጎረቤት ማካፈል ግን ትችያለሽ።

አሁን ወደ ትራውት። ለአገራችን ሰው እንግዳ ይመስላል እንጂ ባሌ የሄደ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ፣ ዌብና ዳንካ ላይ ተለቀቀ። እስከ ዛሬም እዚያው እየተራባ ነው። የሚወደው ቀዝቃዛና አየር የጠገበ ውሃ ነው፤ የአንቺ ሐዋሳ ሐይቅ ይሞቀዋል።

ሰፈርሽ ደግሞ የታደለ ነው። ኬንት ውስጥ ሌክ ሜሪዲያን አለልሽ። ሲታክ ውስጥ አንግል ሌክ፣ ሲያትል ከተማ ውስጥ ደግሞ ግሪን ሌክ አለ። መሥሪያ ቤቱ እርባታ ጣቢያ ያደገ ሬይንቦ ትራውት በቦቴ እያመጣ ይለቅባቸዋል። መቼ ስንት እንደለቀቀም ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ዓመቱን ሙሉ ክፍት ካልሆኑት ሐይቆች ብዙዎቹ የሚከፈቱት በኤፕሪል አራተኛው ቅዳሜ ነው። ያን ቀን ሐይቅ ዳሩ ጥምቀት ይመስላል፤ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ውሻ፣ ሁሉም ወጥቷል። ግርግር ካልወደድሽ ሳምንት ቆይተሽ በሥራ ቀን ማለዳ ሂጂ። ትራውት ደስ የሚለው ውሃው ከ50 እስከ 60 ፋራናይት ሲሆን ነው። ጁላይ ላይ የላይኛው ውሃ ሲሞቅ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ከዳር ቆሞ ማግኘቱ ይከብዳል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ስድስት ጫማ ተኩል ግድም የሆነ ቀላል ዘንግ፣ ትንሽ ስፒኒንግ ሪል (የክር መጠቅለያው)፣ 6 ፓውንድ የሚችል ክር። ዋናው ክር ላይ መሃሉ የተበሳ ማስመጫ እርሳስ (ብረቱን ማለቴ ነው) ታስገቢያለሽ። ከሥሩ ስዊቭል የምትባለውን ትንሽ ማገናኛ ታስሪያለሽ። ከእሷ ደግሞ ሁለት ጫማ የሚሆን ቀጠን ያለ ክር፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መንጠቆ። መንጠቆውን ፓወርቤይት በሚሉት ሊጥ ሸፍኚው፤ የሽምብራ ፍሬ ያህል ይበቃል። ሊጡ ተንሳፋፊ ነው። እርሳሱ ወለል ላይ ሲቀመጥ ሊጡ ሁለት ጫማ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ትራውቱ የሚያልፈው እዚያ ላይ ነው። ከመወርወርሽ በፊት ዳር ላይ ነክረሽ መንሳፈፉን እዪ። ከሰመጠ ወይ ሊጡ አንሷል፣ ወይ መንጠቆው ከብዷል።

ቋጠሮው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጀማሪ አሳ የሚያመልጠው እዚያ ላይ ነውና። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፊ። ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዢ። ከዚያ ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ክፍተት መልሺው። አሁን ከመሳብሽ በፊት በምራቅሽ አርጥቢው፤ ቀስ ብለሽ እስኪጠብቅ ሳቢ። ደረቁን ከሳብሽው ክሩ ሲፋተግ ይግላል፣ ይዳከማል። ዓይን አያየውም፤ አሳው ግን ያገኘዋል። ድራግ የሚሉትን የሪሉን ፍሬንም ላላ አድርጊው፤ አሳው ሲሮጥ ክር ይውሰድ፣ ሲደክመው ሳቢ።

በአብዛኛው ሐይቅ የቀን ኮታው 5 ትራውት ነው። በሊጥ የተያዘ ትራውት ብዙ ጊዜ መንጠቆውን ውጦታል፤ ብትለቂውም የመትረፍ ዕድሉ ትንሽ ነው። ስለዚህ በሊጥ ካጠመድሽ የያዝሽውን ይዘሽ፣ ኮታው ሲሞላ ዕቃሽን ሰብስበሽ ወደ ቤትሽ። እየያዙ መልቀቁ ደስ ካለሽ ስፒነር (ሲሳብ የሚሽከረከር የብረት ማታለያ) ተጠቀሚ፤ እሱ የሚይዘው ከንፈር ላይ ነው።

ሳልመኑስ? ከባሕር ወጥቶ ወንዝ ከገባ በኋላ መብላት ያቆማል። ርቦት አይነክስም፤ ተናዶ ወይም ከልማድ ነው የሚነክሰው። ከትራውት የሚከብደውም ለዚህ ነው። እዚህ አምስት ዓይነት አለ፦ ቺኖክ፣ ኮሆ፣ ሶክአይ፣ ፒንክና ቸም። ለጀማሪ ፒንክን የሚያህል የለም። ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ሲያትል ዳር ባለው የባሕር ክንድ፣ ፒዩጀት ሳውንድ አካባቢ በብዛት የሚመጣው በጎዶሎ ዓመት ነው፤ 2023 መጣ፣ 2025 መጣ፣ ቀጣዩ 2027 ነው። ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ላይ እንደ ፑያለፕና ስኖሆሚሽ ያሉ ወንዞች ይሞላሉ። ትንሽ ሮዝ ጂግ (ራሱ ላይ ክብደት ያለው መንጠቆ) ካለሽ ተሰልፈሽ መወርወር ነው። ሰልፍ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቆማል፣ ክር ከክር ይጠላለፋል፣ ቁጣም አይጠፋም። ጎንሽ ያለው ሰው ሲወረውር ተከትለሽ ወርውሪ፤ ሰላም ትውያለሽ። በሌላው ዓመት ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ኮሆ፣ ኖቬምበር ላይ ቸም አለ።

በፒዩጀት ሳውንድ አካባቢ የዱር ቺኖክ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አደጋ ላይ ካሉ ፍጥረታት መዝገብ ገብቷል። ስለዚህ የዱሩንና የእርባታውን መለየት ልመጂ። ጀርባው ላይ ከትልቁ ክንፍ ኋላ፣ ወደ ጅራቱ ጠጋ ብላ፣ አጥንት የሌላት ትንሽ ክንፍ አለች። እርባታ ጣቢያዎች አብዛኞቹን የቺኖክና የኮሆ ጫጩቶች ከመልቀቃቸው በፊት ይህችን ክንፍ ይቆርጧታል። ክንፏ በቦታዋ ካለች አሳው የዱር ነው ብለሽ ያዢው፤ በብዙ ወንዝ መልቀቅ ግዴታ ነው። ስትለቂው ለፎቶ ብለሽ ከውሃ አታውጪው፤ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን ንቀዪለት። በሆዱ ወይም በጅራቱ የተጠለፈም ካጋጠመሽ ልቀቂው። የምትወስጂውን ሳልመን ወዲያው ከፈቃዱ ጋር በሚሰጥሽ የአሳ መመዝገቢያ ካርድ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊ። መኪናው ጋ ስደርስ እጽፋለሁ ብሎ ነገር የለም።

ኬንትን አቋርጦ በሚያልፈው ግሪን ወንዝ ላይ መረብ የዘረጉ ሰዎች ካየሽ ደግሞ አትገረሚ። ጎንሽ ያለው አጥማጅ «እኛ በአንድ መንጠቆ፣ እነሱ በመረብ» ብሎ ማጉረምረሙ አይቀርም። መክልሹትን የመሳሰሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች በ1850ዎቹ መሬታቸውን በውል ሲለቁ የማጥመድ መብታቸውን አስቀርተዋል። ይህ መብት ለረጅም ጊዜ ተረግጦ ቆይቶ፣ በ1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት መጠመድ ከሚችለው ግማሹ የእነሱ ነው ብሎ ፈረደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1979 አጸናው። እኔ በዚህ ማጉረምረም ውስጥ አልገባም፤ አንቺም አትግቢ።

የግሪን ወንዝ የታችኛው ክፍል ዱዋሚሽ ይባላል። ለብዙ ዘመን የፋብሪካ ቆሻሻ የተደፋበት ነው። ሳልመን አልፎ ሂያጅ ስለሆነ ከዚያ ቢያዝም ይበላል። እዚያው የሚኖረው ሌላ አሳና ሸርጣን ግን አይበላም፤ የጤና መሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ወንዙ ዳር ተለጥፏል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበት ቤት በተለይ ይጠንቀቅ።

አሳው እጅሽ ገባ እንበል። የእኔ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው። ለአንቺ ቢላ አያያዝ አላስተምርም። ግን ሐዋሳ ላይ ቆሮሶው ከጀልባ ወርዶ ወዲያው መጥበሻ ይገባል፤ እዚህ ያጠመድሽው ቤትሽ ሳይደርስ ሰዓታት ያልፋሉ። ሳልመን ደግሞ ስብ አለው፣ ስቡም ቶሎ ይሸታል።

መጀመሪያ አሳው ዳር ላይ ሲንፈራገጥ አትተዪው። ከዓይኑ በላይ፣ ጭንቅላቱ ላይ በአጭር ዱላ ሁለቴ ጠንከር አድርገሽ ምቺው። የተንፈራገጠ አሳ ሥጋው ይበልዛል፣ ይለሰልሳል። ወዲያው የስንጥቡን ክዳን አንሺ። እንደ ማበጠሪያ የተደረደረውን ቀዩን ስንጥብ ከታች በኩል በቢላ ቁረጪ፤ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርገሽ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ክተቺው። ደሙ ይወርዳል፤ ውሃው ይቀላል። ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ ውሃውን ቀይሪና መቅላቱ ሲቆም አውጪው። ደሙ የወጣለት ሳልመን ፊሌቶው ጥርት ያለ ነው። ያልወጣለት ግን ነጠብጣብ ይታይበታል፣ ፍሪጅ ውስጥም ቀድሞ የሚሸተው እሱ ነው።

ከዚያ ሆዱ። ከፊንጢጣው ጀምረሽ ወደ ጉሮሮው፣ የቢላውን ጫፍ ብቻ አስገብተሽ ቅደጂ። ሐሞቱን እንዳትነኪ። የሆድ ዕቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስትስቢ፣ አከርካሪው ሥር የጠቆረ መስመር ይቀርሻል። ሰው የረጋ ደም ይመስለዋል፤ ኩላሊቱ ነው። የሸፈነውን ስስ ሽፋን በቢላ ጫፍ ሰንጥቂና በሻይ ማንኪያ ጠርገሽ አውጪው። «ሳልመን ይሸታል» ከሚሉት ሽታ ብዙው ያለው እዚህ መስመር ውስጥ ነው። ትራውት ላይ በአውራ ጣትሽ ጥፍር ይወጣል።

በመጨረሻ ሆዱ ውስጥ በረዶ ሙዪ፣ ላዩም ላይ በረዶ። አሳው የቀለጠ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ እንዳይውል ግን በላስቲክ ከረጢት አድርጊው፣ ወይም የኩለሩን ማፍሰሻ ክፈቺ። ትራውቱን በገመድ ሰክቶ ሞቅ ባለ ዳር ውሃ ላይ ቀኑን ሙሉ ማንሳፈፍ እዚህ የተለመደ ነው፤ እኔ አይዋጥልኝም። ሳልመኑ በረዶ ላይ እንጨት ሆኖ ከደረቀ አትበልቺው፣ አታጣምሚውም፤ ሥጋው ይሰነጣጠቃል። በረዶው ላይ ይደርና ሲላላ በልቺው።

የትኛውን ሳልመን ለመብል መውሰድ እንዳለብሽም ዓይንሽ ይነግርሻል። ብርማ፣ ሆዱ ጠንካራ፣ ቅርፊቱ እጅሽ ላይ የሚቀር ከሆነ ከባሕር የገባው በቅርቡ ነው። ከጠቆረ፣ መንጋጋው ከተጣመመ፣ ጅራቱ ከተበላ ስቡን ጨርሷል። ሄዶ እንቁላሉን ይጣል፤ ተዪው።

አማትሽ ትራውት ቅርፊት የለውም ማለታቸው አያስፈርድባቸውም፤ ቅርፊቱ በጣም ደቃቅ ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ ዝልግልግ አለ። ቢላውን ከጅራት ወደ ጭንቅላት ገፋ ገፋ አድርጊና የቢላውን ጠርዝ አሳዪያቸው፤ እንደ ደቃቅ ብልጭልጭ ተለጥፎ ታገኚዋለሽ። ክንፍና ቅርፊት ካለው ወገን ነው፤ ሳልመንም እንዲሁ። ቅርፊት የሌለው አምባዛ ነው። የጾም ጉዳይ ከተነሳ ግን የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፤ እኔ እዚያ ውስጥ የለሁበትም።

ጥሬውን መብላት ላይ ግን አልደራደርም። ሳልመን ባሕር ውስጥ አኒሳኪስ የሚባል ቀጭን ትል ይይዛል፤ ሥጋው ውስጥ እንደ ክር ተጠቅልሎ ታገኚዋለሽ። ሌላው የአሳ ኮሶ ነው፤ ሰው ሆድ ውስጥ እስከ 10 ሜትር ይረዝማል። ሎሚም፣ ዳጣም፣ ኮምጣጤም፣ አረቄም አይገድለውም። የሚገድለው ሁለት ነገር ነው፦ እሳት ወይም ብርቱ ብርድ። በብርድ ከሆነ ከዜሮ በታች 20 ሴልሺየስ ላይ 7 ቀን መቆየት አለበት። የብዙ ቤት ፍሪዘር የሚስተካከለው ከዜሮ በታች 18 ላይ ነው፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ደግሞ ያም አይጸናም። ጥሬ ካማረሽ ለጥሬ ተብሎ በፋብሪካ ደረጃ የቀዘቀዘ ግዢና በዳጣሽ ብዪ። ውሻ ካለሽ ደግሞ ጥሬ ሳልመንም ሆነ ትራውት፣ ትርፍራፊውንም ቢሆን፣ አትስጪው። በዚህ አካባቢ አሳው ላይ በሚኖር ጥገኛ ትል በኩል ውሻ የሚገድል በሽታ ይይዘዋል። ከበላ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል።

እንግዲህ ወደ ምድጃው። ትራውትን ሙሉውን ጥበሺው። እንደ ቆሮሶ ጎኑን በጥልቀት መተልተል አያስፈልግም፣ ሥጋው ስስ ነው። በወረቀት ፎጣ በደንብ አድርቂው፣ ጨው ነስንሺ፣ ስስ ዱቄት አስነኪው። ሆዱ ውስጥ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ክተቺ። አዲስ አበባ በእስር የምንገዛው የጥብስ ቅጠል እዚህ የአጥር ተክል ነው፤ ጎረቤት አስፈቅዶ መቁረጥ ነው። ዘይቱ ሲግል አስገቢውና ራሱ ከመጥበሻው እስኪላቀቅ አትነካኪው፤ ለአንድ ጫማ አሳ በየጎኑ አምስት ደቂቃ ግድም ነው። መጨረሻ ላይ ትንሽ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርትና የተሰነጠቀ ቃሪያ። ሲቀርብ ከጅራቱ በኩል አጥንቱን ቀስ ብለሽ አንሺው፤ ሙሉውን ይወጣልሻል።

ኮሆና ሶክአይ ቆዳው ሳይገፈፍ፣ ቆዳው ወደ ታች ሆኖ በመካከለኛ እሳት ይሁን። ላዩ ላይ ነጭ ነገር ከወጣ ስብ አይደለም፤ እሳቱ በዝቶበት የተጨመቀ ፕሮቲን ነው። ቀድሞ ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ይቀንሳል። መሃሉ 145 ፋራናይት ሲደርስ በስሏል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደቂቃ ሁሉ ማድረቅ ነው።

ፒንክ ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ለዱለት ይሆናል። አብስለሽ ፈርፍሪው፤ በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በሚጥሚጣና በቁንጥር ኮሰረት አዋሕጂው። ቸምን ደግሞ ፈረንጁ ይንቀዋል፣ ስብ የለውም እያለ። ለወጥ ግን ተመራጩ እሱ ነው። ቁሌቱን በትዕግሥት አብስዪ፤ ሽንኩርቱ ይቁላላ፣ በርበሬው ዘይቱን እስኪተፋ ይንተክተክ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ይግባ። አሳው የሚገባው ወጡ ካለቀ በኋላ ነው። በትልልቁ ቁረጪው፣ ክደኚው፣ እሳቱን ቀንሺ፣ ሰባት ደቂቃ ግድም። ማንኪያ አታስገቢበት፤ ድስቱን ይዘሽ ወዝወዝ አድርጊው እንጂ ይፈራርስብሻል።

ጭንቅላቱንና አጥንቱን አትጣዪ። ስንጥቡን ቆርጠሽ አውጪ፣ ደሙን እጠቢ፤ በካሮት፣ በድንችና በቃሪያ ሾርባ ይሆናል። ከ20 ደቂቃ በላይ ግን አይፍላ፣ ይመራል።